የተጋጨ ፕሪየስ ኮዱ የሚጠፋው መቼ ነው?

ጨረታ ግቢ የቆመ፣ ፊቱ የተጨፈለቀ ፕሪየስ በስልክ ስክሪን ላይ ሲታይ ዋጋው ያጓጓል። ፓራውልት፣ ኮፈን፣ አንድ ፓራፋንጎ፣ ራዲያተር፣ ሁለት የፊት መብራት፤ ሒሳቡ በጣት ተቆጥሮ የሚያልቅ ይመስላል። መኪናው ተጭኖ ጋራዥ ገብቶ ማስነሻው ሲጫኑት ግን የዳሽቦርዱ ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ ይበሩና «ሬዲ» የምትለዋ አረንጓዴ ጽሑፍ ብቻ ሳትመጣ ትቀራለች። ያን ጊዜ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ስካነሩ ነው፤ «እስቲ ኮዱን አጥፍተን እንየው።»

ኮድ ማጥፋት ቦታ አለው። እንዲያውም በአንድ ጥገና ውስጥ ሁለት ጊዜ ቦታ አለው፤ አንዴ መኪናውን ለመጠየቅ፣ አንዴ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ። ከሁለቱም በፊት ግን መሠራት ያለበት ነገር አለ፤ እሱን የዘለለ ሰው ብልሽቱን የሚያገኝበትን መንገድ በገዛ እጁ ይዘጋል። እዚህ ምሳሌ የማደርገው ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ያለውን ሦስተኛውን ትውልድ ፕሪየስ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ሆነ በሎስ አንጀለስ ታክሲና ኡበር የሚነዳ ወገን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ከጨረታ ግቢም አይጠፋም።

በመጀመሪያ መኪናው ለምን እምቢ እንደሚል እንይ። ፕሪየስ ሞተሪኖ የለውም፤ ዲናሞም የለውም። የቤንዚኑን ሞተር የሚያስነሳው ካምቢዮው ውስጥ ያለ ጉልበተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እሱም ኃይሉን የሚያገኘው ከኋላ ወንበር ጀርባ ከተቀመጠው ትልቁ ባትሪ ነው። ባትሪው 28 ሞጁሎች ተቀጣጥለው የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ሞጁል 6 ሴል ይዟል። 168 ሴል፣ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት፣ ጠቅላላው 201.6 ቮልት ይሆናል። ኢንቨርተሩ ደግሞ ይህን ሲያስፈልግ እስከ 650 ቮልት ያሳድገዋል። ሰው ለመግደል የመጀመሪያውም ከበቂ በላይ ነው።

በባትሪውና በቀረው መኪና መካከል ሦስት ሪሌዮች አሉ። መኪናው ሲጠፋ ይቆርጣሉ፤ ብርቱካናማዎቹ ኬብሎችም ከባትሪው ይለያያሉ። መኪናው ሲነሳ ኮምፒውተሩ ብዙ ነገር ያያል፤ መሰኪያዎቹ በየቦታቸው ናቸው? መስመሩ ወደ ቦዲ ያፈስሳል? ባትሪው ደህና ነው? ካመነ ሪሌዮቹን ያገናኛል፣ «ሬዲ» ይመጣል። ግጭት ደርሶ ኤርባግ ሲፈነዳ የኤርባጉ ኮምፒውተር ምልክት ይልካል፤ ሪሌዮቹም ወዲያው ይቆርጣሉ። እንግዲህ ጨረታ ግቢ ውስጥ «ሞቷል» የተባለው መኪና ብዙ ጊዜ የተሠራለትን ሥራ ሠርቶ የቆመ መኪና ነው።

ሌላም ቀላል ምክንያት አለ፤ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ። ኮምፒውተሮቹ በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው፤ ግቢ ውስጥ ወራት የቆመ መኪና ላይ ደግሞ መውረዱ አይቀርም። ቦታው ከኋላ በስተቀኝ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ የኋላው በር መክፈቻም ኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪው ከሞተ በሩ ከውጭ አይከፈትም። ኮፈኑ የሚከፈት ከሆነ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ባለው ማስነሻ ነጥብ ኃይል መስጠት ይቻላል። ኮፈኑ ተጨፍልቆ እንቢ ካለ ግን የኋላ ወንበሩን አጥፎ በውስጥ በኩል እየዳኸ ገብቶ መክፈት የግድ ነው። 12 ቮልቱ ሳይሞላ የተነበበ ኮድ ደግሞ አያስተማምንም፤ የደከመ ባትሪ ብቻውን ኮምፒውተሮቹ እንዲጠፋፉ ያደርግና ስክሪኑን በሐሰተኛ ክስ ይሞላዋል።

ንባቡ የሚካሄደው እንግዲህ 12 ቮልቱ ተሞልቶ፣ ገና አንድ ብሎን ሳይፈታ ነው። ለዚህ ሥራ ያቺ ስልክ ላይ የምትሠራ ርካሽ የብሉቱዝ መሣሪያ አትበቃም። እሷ በአብዛኛው የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው የምታነጋግረው፤ ፕሪየስ ውስጥ ግን ሃይብሪዱም፣ ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ኤርባጉም የየራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው። የቶዮታ ቴክስትሪም፣ ወይም ሁሉንም የሚደርስ ጥሩ ስካነር ያስፈልጋል። ስካነሩ ኮዱን በላቲን ፊደል ያሳየዋል። በ«ፒ» የሚጀምረው የሞተርና የኃይል ማስተላለፊያ ነው፤ በ«ሲ» የሚጀምረው የፍሬን፣ የመሪና የሱስፔንሽን፤ በ«ቢ» የሚጀምረው የቦዲና የኤርባግ፤ በ«ዩ» የሚጀምረው ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት መስመር። «ፒ0ኤ» ብሎ የጀመረ ከሆነ ስለ ሃይብሪዱ ክፍል ነው የሚያወራው።

ቶዮታ ላይ ግን ዋናው ኮድ ግማሽ ወሬ ነው። ከሥሩ ባለ ሦስት አሃዝ ዝርዝር ኮድ አለ፤ ጥፋቱ በየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። አብሮትም ኮዱ በተመዘገበባት ቅጽበት መኪናው ምን ላይ እንደነበረ ተቀምጧል፤ ፍጥነቱ፣ ሙቀቱ፣ ቮልቴጁ። አጥፊው ቁልፍ ሲጫን ዋናው ኮድ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጥፋቱ በየዕለቱ የማይታይ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ተመልሶ እስኪመዘገብ ብዙ ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ደቂቃዎች የሚወስድ ሥራ ነው፤ ሲዘለል ያየሁትን ያህል ግን ሌላ ነገር ሲዘለል አላየሁም።

ፎቶው ተነሳ ማለት ደግሞ አሁን ይጥፋ ማለት አይደለም። ኮዱ መኪናውን ከልክሎት ከሆነ፣ ማጥፋቱ ሪሌዮቹ እንዲያገናኙ መፍቀድ ሊሆን ይችላል፤ ከፊት በኩል አንድ ብርቱካናማ ኬብል ላሜራ ቆርጦት እንደሆነ ደግሞ ገና ማንም አላየም። መጀመሪያ ኃይሉ መቆረጥ አለበት፣ ከዚያ ዓይን ይመልከት።

ኃይል የሚቆረጥበት ቅደም ተከተል ድርድር የለውም። መኪናው ይጠፋል፤ ቁልፉ በኪስ ሳይሆን ከመኪናው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ቁልፉ አጠገብ እስካለ ድረስ ማስነሻውን የነካ እጅ መኪናውን ሊያስነሳው ይችላል። የ12 ቮልቱ ኔጋቲቭ ይነቀላል። ከዚያ እስከ 1000 ቮልት የሚቋቋም የጎማ ጓንት ይጠለቃል፤ ጓንቱ ከመጠለቁ በፊት አየር ተይዞበት ይጠቀለላል፣ የመርፌ ቀዳዳ ያህል የሚያፈስ ከሆነ ይጣላል። ከኋላ ያለው ብርቱካናማ የአገልግሎት መሰኪያ ይነቀልና ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው ሠራተኛው ኪሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ 10 ደቂቃ መጠበቅ፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይላቸውን እስኪያፈስሱ። ኤርባግ ለሚነካ ሰው 12 ቮልቱ ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሴኮንድ መጠበቅ አለ። በመጨረሻም ኢንቨርተሩ ላይ በቴስተር ተለክቶ 0 ቮልት መሆኑ ይረጋገጣል። ለክቶ ያላየ ሰው አልቆረጠም። መሰኪያው ከተነቀለም በኋላ ባትሪው ራሱ ባትሪ ነው፤ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው ጓንቱን ማውለቅ የለበትም።

አሁን ፍተሻው። ኢንቨርተሩ ሞተሩ አጠገብ ነው፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታያል። የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ከፊት የመጣ ምት ያገኘዋል። ብርቱካናማዎቹ ኬብሎች ከወለሉ ሥር እስከ ኋላ ድረስ ይሄዳሉ፤ መኪናው በእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ከሆነ እዚያ ሥር መተኛት ያስፈልጋል። የተላጠ ወይም የተጨፈለቀ ከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብል በፕላስተር አይጠገንም፤ ይቀየራል። ምቱ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ባትሪው ነው፤ ሞጁል ከተሰነጠቀ የሚፈሰው ፈሳሽ ጠንካራ አልካሊ ነው፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ቀለም ላይም አንድ ነገር ልጨምር፤ መኪናው የቀለም ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የባትሪውን ነገር ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፣ ሙቀት አይወድም።

የተሰበረው ተቀይሮ፣ መሰኪያው ተመልሶ፣ 12 ቮልቱ ተገናኝቶ ሲያበቃ ነው የመጀመሪያው ማጥፋት የሚመጣው። ይህ ማጥፋት ጥያቄ ነው። ግጭቱ ጥሎት የሄደው አሮጌ መዝገብ ይሰረዝና መኪናው እንደገና ራሱን ይፈትሻል፤ አሁንም ያለ ጥፋት ተመልሶ ይመዘገባል፣ ያለፈው ግን አይመለስም። ከ20 ኮድ ውስጥ ሦስት ከተመለሱ ሥራው የእነዚያ የሦስቱ ነው። በተለይ የ«ዩ» ኮዶች በአብዛኛው በዚህ ይጠፋሉ፤ የሚመለስ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት በኩል የተጨፈለቀ ሶኬት ወይም የተበጠሰ ቀጭን ሽቦ ነው። እሱን ሳይፈልጉ ኮምፒውተር መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ከሚመለሱት ውስጥ «ፒ0ኤ0ዲ» ቀላሉ ነው። በከፍተኛ ቮልቴጁ መሰኪያዎችና በኢንቨርተሩ ክዳን በኩል የሚያልፍ ቀጭን የጥበቃ መስመር አለ፤ የትም ቦታ ላይ ከተቋረጠ መኪናው አይነሳም። አዲስ የተጠገነ መኪና ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሱ ጠጋኙ ነው፤ የአገልግሎት መሰኪያው እጀታ እስከ መጨረሻው ሳይቆለፍ ሲቀር ይህ ኮድ ይመጣል። «ፒ0ኤ93» የኢንቨርተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ኢንቨርተሩ ከሞተሩ የተለየ የራሱ ፈሳሽና የራሱ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑም ከፊት ስለሆነ በግጭት ይጎዳል፣ ወይም ራዲያተር ሲቀየር መስመሩ ውስጥ አየር ይቀራል። መኪናው ሲበራ የፈሳሽ ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ ማየት ነው፤ ፈሳሹ ካልተንቀሳቀሰ ፓምፑ አይሠራም። እግረ መንገድ፣ ቶዮታ በየካቲት 2014 ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ፕሪየሶችን የኢንቨርተሩን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለማስተካከል ጠርቶ ነበር። የሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ ያ ሥራ መሠራቱን ማረጋገጥ አሮጌ ኢንቨርተር ከመግዛት ይቀድማል።

ሰውን የሚያንገላታው «ፒ0ኤኤ6» ነው። በተራው መኪና የ12 ቮልቱ ኔጋቲቭ ከቦዲው ጋር የታሰረ ነው። በከፍተኛው ቮልቴጅ በኩል ግን አንዱም ጫፍ ቦዲውን እንዲነካ አይፈቀድም። አንዱ ጫፍ ወደ ቦዲ ቢያፈስስ ወዲያው ሰው አይይዝም፤ ሁለተኛው ጫፍም ካፈሰሰ ግን ቦዲውና ሰውየው የሰርኪዩቱ አካል ይሆናሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያለማቋረጥ ይለካል፤ የመጀመሪያዋን ማፍሰስ ሲያገኝ ይህን ኮድ ያስቀምጣል። ዝርዝር ኮዱ 526 የማፍሰሱን መኖር ይናገራል። 611 ወደ አየር ማቀዝቀዣው፣ 612 ወደ ባትሪው፣ 613 ወደ ካምቢዮው፣ 614 ደግሞ ወደ ኬብሎቹና ኢንቨርተሩ ይጠቁማል። አሁን ይህን ቁጥር ፎቶ ሳያነሳ ያጠፋው ሰው ምን እንዳጣ ግልጽ ነው፤ አራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ይህ ጥፋት ዝናብ ሲጥል ብቻ እንደሚያፈስ ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት በጤዛ ይመጣል፣ ቀን ይጠፋል። በተራ ቴስተር ቢፈለግ አይገኝም፤ ቴስተር ኦም የሚለካው በጥቂት ቮልት ነውና በ200 ቮልት ብቻ የሚያልፍ ፍሰት ለእሱ የለም። 500 ቮልት የሚልክ ሜጋኦም ሜትር ያስፈልጋል፤ ያውም ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተነቅለው።

ግጭት ባለፈበት መኪና ላይ የ611 ምንጭ ብዙ ጊዜ ግጭቱ አይደለም፤ ጥገናው ነው። ከፊት የተመታ መኪና ኮንደንሰሩ ይቀደዳል፣ ጋዙ ይወጣል፤ አዲስ ኮንደንሰር ገብቶ ጋዝ ይሞላል። የፕሪየስ ኮምፕረሰር ግን በቀበቶ አይዞርም፤ ውስጡ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚበላ ሞተር አለ፣ ሞተሩም በዘይቱ ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ኤንዲ-11 መሆን አለበት። በሌሎች መኪናዎች የተለመደው ፓግ የሚባለው ዘይት ከተቀላቀለበት መከለሉ ይወርዳል። በጠርሙስ መሳሳት እንኳ አያስፈልግም፤ ለሁሉም መኪና የሚያገለግል የጋዝ መሙያ ማሽን ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘይት ሊያበላሽ ይችላል። መኪናው ተጠግኖ፣ ተቀብቶ፣ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ ቆይቶ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሦስት ማዕዘኑ ማስጠንቀቂያ ይበራል። ባለቤቱ ባትሪው ሞቷል ብሎ ባትሪ ይገዛል። ጥፋቱ ግን ኮምፕረሰሩ ውስጥ ነው፤ ዘይቱን ማጥለሉም ብዙ ጊዜ አያድንም፣ ኮምፕረሰሩ ራሱ ይቀየራል። ጋዝ ለመሙላት ከመስማማት በፊት «ለሃይብሪድ የተለየ ማሽን አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ወደ ኤርባጉ ስመጣ ቃሌ ይጠነክራል። ኤርባግ ከፈነዳ ጨርቁን ብቻ ቀይሮ መሄድ የለም። ቀበቶውን በፍንዳታ የሚያጠብቀው መሣሪያም ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከፊት ያሉት የምት ሴንሰሮች ተጎድተው ሊሆን ይችላል፤ ግጭቱን የመዘገበው የኤርባግ ኮምፒውተርም መቀየር አለበት። መዝገቡን አጥበው ኮምፒውተሩን የሚመልሱ አገልግሎቶች አሉ፤ ርካሽ ነው፣ መብራቱንም ያጠፋል፣ አምራቹ ግን አይቀበለውም፤ እኔም የቤተሰቤን መኪና በዚያ አላሠራም። ከዚህ የከፋው በኤርባጉ ቦታ ትንሽ ሬዚስተር መሰካት ነው። ኮምፒውተሩ የሚለካው የሰርኪዩቱን ኦም ስለሆነ ይታለላል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ መሪው ውስጥ ግን ባዶ ነው። ይህ ብልሃት ሳይሆን ወንጀል ነው። አስመስለው የተሠሩ ርካሽ ኤርባጎችም አሉ፤ በ2024 የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉት ተገጥመውባቸው በነበሩ መኪናዎች ሰዎች መሞታቸውን ገልጾ አስጠንቅቋል። በሌላ ሁኔታ ይተርፍ የነበረ ሰው ነው የሚሞተው።

ጎማ ተስተካክሎ፣ መሪ ቀጥ ካለ በኋላ «ሲ1210» ወይም «ሲ1336» ሊቀር ይችላል። እነዚህ የተሰበረ ዕቃ አያመለክቱም፤ የመኪናውን መዞርና የፍጥነት ለውጥ የሚለኩት ሴንሰሮች ዜሮአቸው አልተወሰነም ማለት ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ በስካነሩ ዜሮው ይወሰናል፣ ያልቃል።

ሁለተኛውና የመጨረሻው ማጥፋት ከዚህ በኋላ ነው። ነገር ግን እዚህም መኪናው የመጨረሻውን ቃል ለራሱ ያስቀራል። ከ2010 ሞዴል ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡ መኪናዎች ላይ፣ የሞተር መብራት ያበራ ኮድ ቋሚ ሆኖ በሌላ ቦታም ይመዘገባል። ይህን ቋሚ መዝገብ ስካነር አይሰርዘውም፤ ባትሪ መንቀልም አይሰርዘውም። የሚሰረዘው ኮምፒውተሩ ራሱ ያንን ክፍል ደግሞ ፈትሾ ደህና ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነው። ፕሪየስ ላይ ደግሞ የቤንዚኑ ሞተር እየጠፋ እየተነሳ ስለሚሄድ ፍተሻዎቹ ቶሎ አያልቁም፤ ከተማም፣ አውራ ጎዳናም መንዳት ይፈልጋል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በጭስ ምርመራ ወቅት ይህን ቋሚ መዝገብ ያያል። ኮዱ ከጠፋ በኋላ መኪናው ቢያንስ 15 ጊዜ ሞቆ ቢያንስ 200 ማይል ከተነዳ ግን ቋሚው መዝገብ ባይሰረዝም ለመውደቂያ ምክንያት አይሆንም። የምርመራ ጣቢያው በር ላይ ኮድ አጥፍቶ መግባት ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ ለገዢም ይጠቅማል። ከጨረታ ግቢ ወጥቶ ተጠግኖ የተሸጠ መኪና ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ተጽፎ ይቀራል፤ ኡበርም ሊፍትም አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለውን መኪና አይቀበሉም። ለሥራ ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን ከቀብድ በፊት ይወቅ። ለቤት መንጃ የሚገዛ ደግሞ ያቺን ቅድም ያጣጣልኳትን ርካሽ የብሉቱዝ መሣሪያ ይዞ ይሂድ፤ ለዚህስ ትበቃለች። ከኮድ በተጨማሪ መኪናው «ኮድ ከጠፋ ወዲህ የተነዳ ርቀት» የሚል ቁጥር ያስቀምጣል፤ ሻጭ ሊያጠፋው ቢሞክር ከዜሮ ይጀምራል እንጂ አይደበቅም። ሻጩ «ጠግኜው ወራት ነዳሁት፣ አንድም መብራት አላየሁ» እያለ ስክሪኑ 6 ማይል ካሳየዎት፣ ቀሪውን 194 ማይል አብረን እንንዳው ብለው ይጠይቁት።